በቀይ ክር የታሰረችው ጉትቻ

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ገባ፤ ዘግይቶ ወጣ። የሱቁ ጣሪያ አፈሰሰ። እናት ባልዲ ደቀነች፤ ባልዲው ሞላ፤ ሌላ ደቀነች። ወርቅ የሚመስለው ጌጥ አረንጓዴ ሆነ። ብር የሚመስለው ጠቆረ። ገዢ ጠፋ። በሦስተኛው ወር ጣሪያው ከነወራጁ ወረደ። እናትና ልጅ የተረፈውን በአራት ማዳበሪያ ሞልተው፣ በጭቃ እየተንሸራተቱ ቤት አስገቡት።

ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ አርቴፊሻል ጌጥ ስለምትሸጥ የክፍሏ ልጆች «ዶቃ» ይሏታል።

ቅዳሜ ጠዋት ዶቃ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የተቋጠረ ሐብል ትፈታለች። ትነሳለች፤ መስኮቱ ጋ ትሄዳለች፤ ተመልሳ ትቀመጣለች።

«ምን እንደ ቁንጫ ያዘልልሻል? አርፈሽ ሥሪ እንጂ» አለች እናቷ።

«አልፈታ አለኝ፣ እማ።»

«ፓውደር ነስንሺበትና በሁለት መርፌ ፍቺው። አትጎትቺ። ስትጎትቺው ይብስበታል።»

እናት ከሰኞ ጀምሮ እቤት ልትሸጥ አስባለች። ደንበኞቿን ታውቃቸዋለች፤ ማዳበሪያ ከፍቶ የሚበረብር አንድም የለም። ሰው የሚገዛው ተሰቅሎ ያየውን ነው። መደርደሪያ የሚገዛበት አቅም ደግሞ የለም። ስለዚህ ቤት ያለው ሁሉ ሥራ ያዘ። የተሰበረ የፎቶ ፍሬም ላይ የመስኮት ወንፊት ተመታና ተንጠልጣይ ጉትቻዎች ተሰቀሉበት። ቀለበቶች በእንቁላል ትሪ ገቡ። አምባሮች ባዶ ጠርሙስ አንገት ላይ ተደረደሩ። ቀጫጭን ሐብሎች ዳግም እንዳይቋጠሩ በለስላሳ መጠጫ ስትሮ ውስጥ አልፈው ተቆለፉ። እርጥበት እንዲመጥ በየሳጥኑ ስባሪ ጠመኔ ተደረገ።

«ይሄን ሁሉ ጠመኔ ከየት አመጣሽው?»

«ከክፍል ነዋ።»

«ሰኞ አስተማሪሽ በጣቷ ልትጽፍ ነው?»

«ስባሪ ነው እማ፤ ሊጣል የነበረ።»

የቀሩት ትናንሾቹ፣ ጆሮ ላይ ልጥፍ የሚሉት ጉትቻዎች ናቸው። ወንፊቱ ሰፍቷቸው ይወድቃሉ። እናት አንዱን ጥንድ አነሳችና ከአሮጌ ሸሚዝ በወለቀ ቁልፍ ቀዳዳዎች ውስጥ ሰካችው። ሁለቱ ጉትቻዎች ጎን ለጎን ቆሙ።

«አየሽ? እንዲህ ከሆኑ አይጠፋፉም። ሂጂና ልብስ ሰፊዋን ትርፍ ቁልፍ ጠይቂልኝ።»

የዶቃ እጅ ቆመ። «ካርቶን ብቆርጥስ?»

«ካርቶን እርጥበት ይይዛል። ዝገቱ አልበቃን ብሎ? ደሞ ልጇ ጓደኛሽ አይደለች? ምነው እግሯ ጠፋ?»

«መጀመሪያ አቻ የሌላቸውን ነጠላ ጉትቻዎች ልጨርስ» አለችና ጥግ ያለችውን ትንሽ ከረጢት ጎተተች።

የልብስ ሰፊዋን ልጅ ክፍሉ «መርፌ» ይላታል። ዱሮ ዶቃና መርፌ አንድ ዴስክ ነበሩ። ስድስተኛ ክፍል እያሉ ዶቃ በድራማ ንግሥት ሆና ተመረጠች። እናቷ ግን የሚሸጥ ጌጥ ለማንም ጆሮ አታውስም። መርፌ የእናቷን ሰማያዊ ጉትቻ ሳታስፈቅድ አውጥታ አዋሰቻት። ዶቃ ከመድረክ ወርዳ ሱቅ ልታግዝ ሮጠች። ሲመሽ አንዱ ጆሮዋ ባዶ ነበር።

በማግስቱ አንዷን ብቻ በወረቀት ጠቅልላ መርፌ ቦርሳ ውስጥ ከተተች። መርፌ ስትጠይቃት፣ «ሁለቱንም መልሻለሁ፤ አንቺ ነሽ የጣልሽው» አለች። ማለችም። ልብስ ሰፊዋ ልጇን አንድ ወር ሙሉ ከቤት አላስወጣቻትም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ልጆች ሰላምታ እንኳ የላቸውም።

ነጠላዎቹን በኪሎ የሚወስድ አንድ የበር ቁልፍ መያዣ ሠሪ አለ። ዶቃ ከረጢቱን ወለል ላይ ዘረገፈችው። የቀለጠ፣ የተጣመመ፣ ድንጋዩ የወለቀ። በመሃል አንዲት ሰማያዊ ብልጭ አለች። መንጠቆዋ በቀይ ክር ተጠምጥሟል።

ፋብሪካ በክር አያስርም። እንዲህ የሚያስር ልብስ ሰፊ ነው።

«እማ፣ ይቺ ከየት መጣች?»

እናት በሩቁ አየቻት። «እኔ እንጃ። ሱቅ ውስጥ መሬት ላይ ነጠላ ካየሁ እዚያ ነው የምጨምረው። ሌላ ሰው ጉትቻ ወድቆ ቢያይ የማን ነው ይላል። እኔ የኛ ነው እላለሁ። ጨምሪያት፤ ሰውየው ሰኞ ይመጣል።»

ዶቃ ከረጢቱ ላይ እጇን ዘረጋች። መለሰችው። ሰኞ ሰውየው ከወሰዳት ማንም አያውቅም። ተነሳች፤ ውሃ ጠጣች፤ ሳይጠማት ደገመች።

«ቁልፉን ላመጣ ሄድኩ» አለች።

የልብስ ሰፊዋን በር የከፈተችው መርፌ ናት። ከውስጥ የስፌት መኪና ይንጫጫል።

«ምን ፈለግሽ?»

«የሸሚዝ ቁልፍ። እማ ናት የላከችኝ።» ቀጥላ መዳፏን ከፈተች።

መርፌ ጉትቻዋን አተኩራ አየቻት። «የት ነበረች?»

«እኛ ቤት። ነጠላዎቹ ውስጥ። ዛሬ ነው ያገኘኋት።»

«ሁለቱንም መልሻለሁ ብለሽ ማልሽ እኮ።»

«አዎ።»

«እኔ ፍራሽ ሳይቀር ቀድጄ ፈለግኩ። እኔ ሞኝ! ቦርሳዬ ቀዳዳ አለው ብዬ ራሴን ጠረጠርኩ።» ወደ ውስጥ ገልመጥ አለችና ድምጿን ቀነሰች። «በቃ ስጪኝና ሂጂ። እናቴን ሶፋ ሥር አገኘኋት እላታለሁ። አሁን ጭቅጭቅ አልፈልግም።»

ዶቃ እጇን ግማሽ መንገድ ዘረጋች። ቀላል ነበር። መንገዱ ከኋላዋ ክፍት ነው። ግን ሶፋ ሥር ከተገኘች የጣለቻት መርፌ ናት ማለት ነው። መዳፏን ጨበጠች።

«እትዬን ላናግራቸው።»

«ተይ አልኩሽ!»

«አንዴ ብቻ።»

ልብስ ሰፊዋ ቀና አላለችም። መኪናው ላይ፣ ከስፒል መያዣው፣ ሌላኛዋ ሰማያዊ ጉትቻ ተሰክታ ትወዛወዛለች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር።»

«ንገሪኝ ልጄ፤ ሥራ የያዘው እጄ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም።»

«ያኔ የመለስኩት አንዷን ነው። ሁለት ነው ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። እሷ አልጣለቻትም።»

መኪናው ቆመ። ዶቃ ጉትቻዋን ጨርቁ ላይ አስቀመጠች። ሴትዮዋ ቀዩን ክር በጥፍሯ ነካ አደረገችው፤ የራሷ ቋጠሮ ነው። ዶቃን አላየቻትም። የምታየው በሩ ላይ የቆመችውን ልጇን ነበር።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ውሸታም አልኩሽ» አለች፣ ቀስ ብላ።

መርፌ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ዶቃ ለመውጣት ዞረች።

ከኋላዋ ቆርቆሮ ተንኳኳ። መርፌ የቁልፍ ጣሳውን ከመደርደሪያ አውርዳ ወለሉ ላይ ገልብጣዋለች። ተንበርክካ በጣቶቿ ትበትናለች።

«ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው ባለ አራት?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ባለ ሁለት።»

«እንግዲያው ቁጭ በይና ልቀሚ። እኔ ብቻዬን አልለቅምልሽም።»

ዶቃ ተቀመጠች።