ዝም ያለው ወፍጮ

ጆሯችሁ የት አለ? እስቲ አምጡት። ይህ ታሪክ የሚጀምረው ከጆሮ ነው።

ወይራ በር በምትባል ትንሽ ከተማ ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። ስድስት ዓመቷ ነው። የፊት ጥርሷ ወልቆ በክፍተቱ ማፏጨት ትለማመዳለች።

አባቷ አቶ ደምሰው እህል ፈጪ ነበር። ወፍጮው በናፍጣ ይሠራል። ሲነሣ ከተማውን ሁሉ ይቀሰቅሳል። «ቱኩ! ቱኩ! ቱኩ!»

በጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ቆርቆሮ ተገጥሞለት ስለነበር ድምፁ እስከ ወንዙ ማዶ ይሰማል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ጆሮውን ይቀስርና፣ «ወፍጮው ተነሣ!» ይላል። ጆንያውን ተሸክሞም ይመጣል።

ነገር ግን ወፍጮው ጭስ ነበረው። ጥቁር፣ ወፍራም ጭስ!

አባቷ ወፍጮውን በጣም ይወደው ነበር፤ ጭሱ ግን አባቷን አልወደደውም። «እህ! እህ! እህ!» እያሰኘ ያስለዋል።

አንድ ቀን የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ «ጋሼ፣ ከዚህ ጭስ ካልራቁ ሳሉ አይለቅዎትም» አለችው።

ስለዚህ ወፍጮው ቆመ። በሩ ተቆለፈ። ወይራ በርም ጭጭ!

ከዚያ ወዲህ ሰዎች እህል ለማስፈጨት በጣም ሩቅ ይሄዱ ነበር። ጎረቤታቸው እማማ ዘርትሁን ከአህያቸው ጋር ጠዋት ወጥተው ማታ ይመለሳሉ። እማማ ይደክማሉ፤ አህያዋም ትደክማለች።

የትርንጎ አባት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያያል። ዱቄት የለባቸውም።

«እዚህ ሥራ ካላገኘሁ ሩቅ አገር መሄዴ ነው» ሲል ትርንጎ ሰማችው።

አንድ ማለዳ የጭነት መኪና መጣ። «ጲጵ! ጲጵ!» ከመኪናው አንዲት ሴት ወረደች። ስሟ ኢንጂነር ፍሬሕይወት ነው። ፀጉሯ ውስጥ እርሳስ ሰክታለች።

ኢንጂነር ፍሬሕይወት የተዘጋውን ወፍጮ ቤት አስከፈተች። በሩ ላይ ሰሌዳ ሰቀለች። «የንጹሕ ቴክኖሎጂ የፈጠራ ማዕከል» ይላል።

ትርንጎ ፊደላቱን አንድ በአንድ ስትቆጥር ደከማት። «ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ጭስ የማያወጣ፣ አየር የማያቆሽሽ ነገር የምንሠራበት ቤት ማለት ነው» አለች ኢንጂነሯ። «ሐሳብ ያለው ሰው ሁሉ ይገባል። ይሞክራል። ቢሳሳት ማንም አይቆጣውም።»

«ማንም?»

«ማንም!»

ከመኪናው ብዙ ነገር ወረደ። መዶሻ፣ ጉጠት፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ አሮጌ የብስክሌት ጎማም አልቀረ። በመጨረሻ አንድ አዲስ ወፍጮና እንደ መስታወት የሚያብረቀርቁ ሶላሮች ወረዱ።

ሶላሮቹ ጣራ ላይ ወጡ። ፀሐይዋን ጠጡ፣ ጠጡ፣ ጠጡና አዲሱን ወፍጮ አዞሩት።

«ሽ... ሽ... ሽ...» አለ ወፍጮው። ጭስ የለ፣ የናፍጣ ሽታ የለ።

አባቷ ለሙከራ አንድ ጣሳ ገብስ ፈጨ። አንዴም አልሳለም። ትኩሱን ዱቄት በመዳፉ ይዞ ሳቀ።

«ነገ ሰው ይጎርፋል!» አለ።

ነገ ደረሰ። ሰው ግን አልመጣም። ከነገ ወዲያም ማንም አልመጣም።

አባቷ በየቤቱ ዞረ። «ወፍጮው ይሠራል፤ ኑ» አለ።

ሰዎቹ በትሕትና «እሺ» አሉ። ከዚያ ጆሯቸውን ቀሰሩ። ጭጭ!

«አልተነሣም» ተባባሉ። «ደምሰው ወፍጮው ናፍቆት ነው። ደግሞስ ጣራ ላይ መስታወት ማንጠፍ ወፍጮ ይሆናል እንዴ?»

እማማ ዘርትሁን አህያቸውን ጭነው በማዕከሉ ደጃፍ ሲያልፉ ትርንጎ ሮጠች። «እማማ፣ ይግቡ! ወፍጮው እኮ እየሠራ ነው!»

እማማ ቆሙ። ጆሯቸውን ቀሰሩ። ጭጭ!

«ልጄ፣ ወፍጮ ሲሠራ ይጮኻል» አሉ እማማ። «በእርጅናዬ አትቀልጂብኝ።» አህያቸውን እየነዱም ሄዱ።

ኢንጂነር ፍሬሕይወት በእርሳሷ ራሷን አከከች። «ሌሎች ከተሞችም ይህን ማዕከል እየጠበቁ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እስከ ቅዳሜ ሰው ካልመጣ ዕቃውን ጭኜ መሄዴ አይቀርም።»

ትርንጎ አባቷን አየችው። አባቷ መሬት መሬት ያያል። ማዕከሉ ከሄደ አባቷም ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ትርንጎ ይህን ስታስብ በጣም ፈራች።

ድንጋይ ላይ ወጣች። «ወፍጮው ይሠራልልልል!» ብላ ጮኸች።

ድምፅዋ ዋርካው ጋ ደርሶ ቀረ።

ከቤት ጣሳና ዱላ አመጣች። «ኳ! ኳ! ኳ!»

ሰዎች ጆሯቸውን ቀሰሩ። «ምንድን ነው?»

«የደምሰው ልጅ ናት። ከማሽላው ላይ ወፍ እያባረረች ነው» ተባባሉ። «ጎበዝ!» ብለውም ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ትርንጎ መታች፣ መታች፣ መታች። እጇ ዛለ። ዱላውም ወደቀ። ጭጭ!

ወደ ወፍጮ ቤቱ ጓሮ ሄዳ ቁጭ አለች። እዚያ የአሮጌው ወፍጮ ቆርቆሮ ወድቋል። ያ በጭስ ማውጫው ላይ የነበረው! በጥላሸት ጠቁሯል።

ቆርቆሮውን በቀሚሷ ጠረገችው። አሰበች። ደግማ አሰበች።

«እኔ ስመታ ይደክመኛል» አለች ለብቻዋ። «ወፍጮው ግን ሲዞር ቢውል አይደክመውም። ታዲያ ለምን እሱ ራሱ አይመታውም?»

ብድግ አለች። ቆርቆሮውን አቅፋ ወደ ማዕከሉ ሮጠች። «ሐሳብ አለኝ!»

ኢንጂነር ፍሬሕይወት አልሳቀችም። ከፀጉሯ እርሳሱን አወጣችና ሰጠቻት። «ሣዪልን» አለቻት።

ትርንጎ ሣለች። አንድ ክብ። አንድ ቆርቆሮ። በመካከላቸው አንድ ዱላ።

አባቷ ወፍጮውን አቆመ። «ወፍጮ እየዞረ እጅ አይገባም» አላት። ከዚያ ዱላውን በሚዞረው ክብ ላይ አሰረ፤ ቆርቆሮውንም አጠገቡ ሰቀለ።

ወፍጮው ተነሣ። «ኳኳኳኳኳኳ... ቿ!»

ቆርቆሮው በመስኮት ወጥቶ በረረ! አንዲት ዶሮ «ቋቅ!» ብላ አጥር ዘለለች።

ትርንጎ ዐይኗን ጨፈነች። ቁጣ ጠበቀች። ማንም አልተቆጣም።

«መሳሳታችንን እንጻፈው» አለች ኢንጂነሯ። ደብተሯን ከፍታ፣ «ቆርቆሮው ቸኮለ» ብላ ጻፈች።

«እውነት ነው፣ ወፍጮው በጣም ይፈጥናል» አለ አባቷ። «ዝግ ብሎ የሚዞር ነገር ያስፈልገናል።»

ትርንጎ ዙሪያዋን አየች። ጥግ ላይ ያ አሮጌ የብስክሌት ጎማ ቆሟል። ትልቅ ነው። አንዴ ለመዞር ጊዜ ይወስዳል።

«እሱስ?» አለች ጣቷን ቀስራ።

አባቷ ሳቀ። ወፍጮውንና ጎማውን በችንጋ፣ በሰፊው የላስቲክ ቀበቶ፣ አገናኛቸው። ዱላውን ጎማው ላይ አሰረ። ቆርቆሮውን መስኮቱ ላይ አጥብቆ ሰቀለ።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። የጭነት መኪናው ደጃፍ ላይ ቆሟል። ትርንጎ የአባቷን እጅ ጨብጣ ያዘች።

«ኳ!»

ጎማው ዞረ። «ኳ!»

ደግሞ ዞረ። «ኳ! ኳ! ኳ!»

በወይራ በር ሰዎች ጆሯቸውን ቀሰሩ። ወፍ የምታባርረው ልጅ ናት ብለው ጠበቁ። ልጅ ቢሆን ይደክመው ነበር። ይህ ግን አይደክመውም።

«ኳ! ኳ! ኳ!»

«ወፍጮው ተነሣ!» አለ አንዱ።

«ወፍጮው ተነሣ!» አለች ሌላዋ።

በየበሩ ጆንያ ወጣ። ስንዴ መጣ፤ ጤፍ መጣ፤ በቆሎም መጣ። የማዕከሉ ደጃፍ ሰው በሰው ሆነ።

እማማ ዘርትሁን ከወንዙ መንገድ ተመለሱ። መጀመሪያ የዞረችው አህያዋ ናት፤ እማማ ተከተሏት።

ገብተው አዩ። ወፍጮው «ሽ... ሽ... ሽ...» ይላል። መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ትኩስ ዱቄት ሞላበት።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ እማማ። «ዝም ብሎ የሚሠራ ነገር ዐይቼ አላውቅም ነበር።» ትርንጎን ስመው ጉንጯን ዱቄት በዱቄት አደረጓት።

ኢንጂነር ፍሬሕይወት ደብተሯን ከፈተች። «ቆርቆሮው ቸኮለ» ከሚለው ሥር እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «የማዕከላችን የመጀመሪያ ፈጠራ፣ የወፍጮ መጥሪያ። የፈጠረችው ትርንጎ ደምሰው።»

የጭነት መኪናውም ባዶውን ሄደ። «ጲጵ! ጲጵ!»

አመሻሽ ላይ ፀሐይ ወደ ተራራው ጀርባ ወረደች። ሶላሮቹ የሚጠጡት አጡ። ጎማውም ዝግ አለ።

«ኳ!... ኳ!... ኳ...» ጭጭ።

ማንም አልደነገጠም። ወፍጮው እንደተኛ አሁን ሁሉም ያውቃል።

አባቷ ቅንድቡ ላይ ዱቄት ይዞ ቤት ገባ። ትርንጎ አልጋዋ ውስጥ ሆና ትጠብቀው ነበር።

«አባዬ፣ ሩቅ አገር ትሄዳለህ?»

«የት ብዬ?» አላት ብርድ ልብሷን እያለበሳት። «ነገ ፀሐይ ስትወጣ የአንቺ ቆርቆሮ ይጠራኝ የለ?»

አባቷ አጠገቧ ጋደም አለ። ወዲያውም እንቅልፍ ወሰደው።

ትርንጎ በጨለማው ጆሮዋን ቀሰረች። «እህ! እህ!» ይል ይሆን?

የለም። «ሽ... ሽ... ሽ...» ይተነፍሳል አባቷ። አይስልም፤ የትም አይሄድም። ትርንጎም ዐይኗን ጨፈነች።

ታሪኬ ተፈጭቶ አለቀ። ያመጣችሁትን ጆሮ መልሼላችኋለሁ፤ ውሰዱና አስተኙት።