የጉዮ ትንፋሽ

ጉዮ ደም የቀላቀለ አክታ መትፋት ከጀመረ ሁለት ወር ሆኖታል። ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር ውስጥ ይህን የሰማ ሁሉ የሳንባ ነቀርሳ ነው አለ። የእጮኛው የዋሪቱ አባት፣ አቶ ጎሊቻ፣ የሠርጉን ቀን ሰረዙ።

ዋሪቱ የሰፈሩ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። አክታውን ሦስት ጊዜ መረመረች፤ የነቀርሳ ተሐዋሲ አላገኘችም። የተሰጠው የሳል መድኃኒትም አልረዳውም፤ ትንፋሹ ከቀን ወደ ቀን አጠረ።

«ዳክታሪ፣ ዛሬስ ምን አገኘሽ?» አላት ጉዮ፣ እንደ ልማዱ ዶክተር እያደረጋት።

«ውሸታም አገኘሁ። የምትደብቀኝ ነገር አለ።»

ዓይኑን ከዓይኗ አሸሸ።

«አምና ህንድ የሄድኩት ለጭነት ሎሪዬ መለዋወጫ ዕቃ አልነበረም» አለ በመጨረሻ። «ልቤ ያለ ሥርዓት ይመታ ነበር። በብሽሽቴ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ልቤን የሚያውከውን ቦታ አቃጠሉልኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አባትሽ ልቡ ለታመመ ሰው ልጃቸውን ይሰጣሉ?»

«ለሚዋሽስ?»

ሊስቅ ሲል ሳሉ አቋረጠው።

ዋሪቱ ቁጣዋን ለሌላ ቀን አስተላልፋ፣ ከሕክምና ወረቀቱ ላይ ባገኘችው ቁጥር ህንድ ውስጥ ልቡን ላከመው ሐኪም ደወለች።

«ከሳንባ ወደ ልብ ከሚመጡት የደም ሥሮች አንዱ፣ ስናቃጥል በተፈጠረ ጠባሳ ጠቦ ይሆናል» አላት። «ደሙ ሳንባው ውስጥ እየታቆረ ነው። ሥሩ ጨርሶ ሳይዘጋ ቶሎ ይምጣ።»

ከመሄዱ በፊት ጉዮ ኦዳ ሰፈር ወዳለው የአቶ ጎሊቻ ቤት ሄዶ ሁሉንም ራሱ ተናገረ።

«የከፋኝ መታመምህ አይደለም፤ መደበቅህ ነው» አሉ ሽማግሌው። «አሁን ግን እውነቱን ሰማሁ። ሂድ፣ ድነህ ና።»

ህንድ ውስጥ የጠበበውን ሥር በፊኛ አስፍተው፣ ዳግም እንዳይጠብ በትንሽ የብረት ቱቦ ደገፉት።

ከወር በኋላ ከናይሮቢ የመጣው አውቶቡስ ሞያሌ ገባ። አቶ ጎሊቻ ጉዮን ሊቀበሉ ወደ መናኸሪያው ወርደው ነበር። ዋሪቱ ዳገቱ አናት ላይ ባለው የአባቷ ቤት ደጃፍ ቆማ ቁልቁል ትመለከታለች። ጉዮ ሻንጣውን በትከሻው ተሸክሞ፣ አንድም ጊዜ ሳያርፍ ወጣ፤ አጠገቧ ደርሶ ቆመ። ሳል የለም፤ ትንፋሹ ረጋ ያለ ነው። እጇን ደረቱ ላይ አሳረፈች።

አባቷ ላብ በላብ ሆነው ከኋላ ደረሱ፤ ጉልበታቸውን ይዘው አጎነበሱ።

«ይህ ልጅ እኔን ሊገድለኝ ነው» አሉ እያለከለኩ። «የሠርጉን ቀን ቁረጡና ልረፍ።»