በሟች አንደበት

እናትየው ባሏን ገና በልጅነቷ ቀብራ፣ የሰው ልብስ እያጠበች ሁለት ወንዶች ልጆች ያሳደገች ሴት ነበረች። ታላቁን «ትልቁ»፣ ታናሹን «ማሙሽ» ትላቸዋለች። ማሙሽ ሠላሳ ዓመት አልፎት፣ ጢሙን አንዠርግጎ፣ ሚስት አግብቶም ያው ማሙሽ ነው። ሚስቱ እንኳ ዋና ስሙን በሰው ፊት ልጥራ ስትል ይጠፋባት ነበር። ወንድማማቾቹ በአንድ የዳቦ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ጠጋኞች ናቸው፤ አንዱ እጁን ሲዘረጋ ሌላው ሳይጠየቅ መፍቻውን ያቀብለዋል። እናታቸው እሑድ እሑድ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ አድርጋ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከእሷ የበለጠ ደስተኛ ሴት ማን ነበር? ደስታዋ ግን ዕድሜው አጭር ኖሯል...

በፋብሪካው አንድ ጥብቅ ሕግ ነበር። ማሽን ውስጥ የሚገባ ሠራተኛ ሁሉ ማብሪያው ላይ የራሱን ጓጉንቸር ቆልፎ፣ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ይገባል። እሱ ወጥቶ በገዛ እጁ ካልከፈተው በቀር ማሽኑን የሚያስነሳ የለም። ወንድማማቾቹ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለሁለት አንድ ጓጉንቸር ይዘው ሠሩ። አለቃቸው ሲቆጣ ማሙሽ ይስቃል። «እኔና ጋሼ በአንድ ማሕፀን ተኝተን ያልተጣላን፣ በአንድ ጓጉንቸር እንጣላ?» ይላል። አለቃውም ስቆ ያልፋቸው ነበር።

የዚያን ቀን ታላቁ ከሊጥ ማቡኪያው ጀርባ ሆኖ ሞተሩን ሲጠግን፣ ማሙሽ ገንዳው ውስጥ ተንበርክኮ ብሎኖቹን ያጠብቃል። ቁልፉ ያለው በታላቁ ኪስ ነው። ታላቁ ሥራውን ሲጨርስ የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። «ማሙሽ!» ብሎ ሁለት ጊዜ ተጣራ፤ መልስ የለም። ቀና ሲል የማሙሽ ኮት ከሚሰቀልበት ሚስማር ላይ የለም። ቀድሞኝ ለምሳ ወጥቷል ማለት ነው፣ አለ በልቡ። ኮቱ ግን የገንዳው ብረት ቢቀዘቅዘው ከማሙሽ ጉልበት ሥር ተነጥፎ ነበር፤ በሌሎቹ ማሽኖች ጩኸትም ጥሪው አልተሰማውም። ታላቁ ጓጉንቸሩን ከፈተ። ሞተሩ መዳኑን ሊያይ ማብሪያውን ተጫነ... ምነው ያች እጅ ቀድማ በደረቀች ኖሮ! ማሽኑ ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አልዞረም። ማሙሽ ግን ከዚያ ገንዳ በሕይወት አልወጣም።

ከቀብር መልስ ታላቁ እናቱ እግር ላይ ተደፋ። «እማዬ...» አለ፤ ሌላ ቃል አልወጣውም። እናትየው እግሯን ሰበሰበች። ከዚያ እሱን ሳታይ፣ ለከበቧት ጎረቤቶች፣ «ሁለት ልጆች ነበሩኝ፤ ሁለቱም ሞቱብኝ» አለች።

ከዚያች ቀን በኋላ ታላቁ ከእናቱ ቤት ጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል ገብቶ ቀረ። ሥራውን ተወ። መብራት እንኳ በገዛ እጁ አያበራም። በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ ዘግቶ ይተኛል፤ ድንገት ልቡ ትደልቃለች፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ የሚሞት ይመስለዋል፤ አለመሞቱን ሲያውቅ ደግሞ ያዝናል። የማሙሽ ሚስት ፊቱን ሳታይ ሾርባ አስቀምጣለት ትወጣለች፤ ተመልሳ የቀዘቀዘውን ታነሣለች። በሰባተኛው ወር የቤተ ክርስቲያናቸው ሰባኪ ሊጠይቀው መጣና ሳይቀመጥ፣ «ወንድሜ፣ ይህን ያህል ማዘን እኮ አለማመን ነው። ጌታ ይቅር ብሎሃል፤ በቃ ተነሥ» አለው። ታላቁ ለመነሣት ሞከረ፤ አልሆነለትም። እስከዚያን ቀን በራሱ ዓይን ወንድም ገዳይ ብቻ ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ደግሞ የማያምን ሆነ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑን የምታጸዳው አሮጊት መጣች። ጉልበቷን እያሸች ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

«አላጠፋህም ብዬ አልዋሽህም፤ አጥፍተሃል» አለችው። «ግን ልጄ፣ ምሕረት ላላጠፋ ሰው ምን ትሠራለታለች? ጌታ የሞተው ለንጹሓን መሰለህ?»

«እትዬ፣ እሱ ይቅር ቢለኝ እንኳ እማዬ አላለችኝም።»

«ጠይቀሃታል?»

ታላቁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«መጸለይ ካቃተህ ተወው፣ እኔ እጸልይልሃለሁ። አንተ ፊትህን ታጠብና እሷ ዘንድ ግባ። ዛሬ ካልቻልክ ነገም እመጣለሁ።»

እውነትም መጣች። ሦስት ሳምንት በየቀኑ እየመጣች እዚያው ደጃፍ ተቀመጠች። በአራተኛው ሳምንት ታላቁ ተነሥቶ ፊቱን ታጠበ። ስምንት ወር ያልተነካውን ጢሙን ሊላጭ ምላጭ ያዘ፣ የገዛ እጁን ማመን አቅቶት ተወው። የማሙሽ ሚስት በእናቱ ክፍል በር ላይ አስቆመችው።

«ጋሼ፣ አውቀህ ግባ። ካለፈው ወር ወዲህ ሰው መለየት ተስኗታል። ልቧም ደክሟል፤ ሐኪሙ ብዙ አትቆይም ብሏል።»

ገባ። እናትየው ያን የተንዠረገገ ጢም አየች፤ የፈዘዙት ዓይኖቿ በሩ።

«ማሙሽ! መጣህልኝ?»

እጇን ዘረጋችለት። ስምንት ወር የናፈቀው እጅ! ምን ይበላት? እኔ የገደለው ነኝ እንጂ የሞተው አይደለሁም ይበላት? ጉንጩን መዳፏ ላይ አስደግፎ አለቀሰ። ለሌላ የተዘረጋ እጅ መሆኑን እያወቀ አለቀሰ።

«ወንድምህስ?» አለች።

«አለ፣ እማዬ።»

«በሰው ፊት ሞተ አልኩት እኮ። ሊያነጋግረኝ ሲል እግሬን ሰበሰብኩበት። ያሳዝነኛል... ይቅር ልለው እልና አንተን እፈራለሁ። የሞትከው አንተ ነህ። አንተ ሳትለው እኔ ብለው የከዳሁህ ይመስለኛል።» ትንፋሿ ተቆራረጠ። «ይቅር በለው፣ ማሙሽ። አንዴ በለውና እኔም ልበለው።»

ታላቁ አፉን ከፈተ። የቀረችው አንዲት ቃል ነበረች። ግን የማንን ቃል ይናገር? የወንድሙን ሕይወት ወስዷል፤ አሁን ደግሞ አንደበቱን ይውሰድበት? ለገዛ ራሱ በሟቹ ስም ይቅርታ ይስጥ? አፉን መልሶ ገጠመ። እናትየው ዓይን ዓይኑን እያየች ጠበቀች፤ ብዙ ጠበቀች።

«እምቢ አልክ?» አለች በመጨረሻ። «ይሁን፤ ልክ ነህ። እንግዲያው እኔም አልለውም።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ...» ብሎ ጀመረ። አልሰማችውም። እጁን እንደያዘች ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ ወዲያ አልገለጠችውም።

ከቀብሩ በኋላ አሮጊቷ መጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። የሆነውን ሁሉ ሲነግራት ብዙ አለቀሰች።

«ልጄ፣ እናትህ ልትልህ ፈልጋ ነበር። እግዚአብሔር ደግሞ አንተን ይቅር ለማለት የማንንም አፍ አይጠብቅም» አለችው።

«እሱስ አይጠብቅም፣ እትዬ» አለ። «እኔ ነኝ የምጠብቀው።»

አሮጊቷ ተጠግታ ትከሻዋን አስደገፈችው። ዕድል አንዳንዱን ሰው አንዴ መትታው አትረካም፤ ሊነሣ ሲል ጠብቃ ትደግመዋለች። ይህን የምታነቡና በአንድ ስሕተት ልባችሁ የተሰበረ፣ የበደላችሁት ሰው በሕይወት ካለ እባካችሁ ዛሬውኑ ሂዱ፤ ስማችሁን ገና ሳይረሳ። ታላቁ ስምንት ወር ዘገየ። አሁንም እሑድ እሑድ ከአሮጊቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ሌላው ሁሉ ተንበርክኮ ሲጸልይ እሱ አንገቱን ቀና አድርጎ የማሙሽ ድምፅ የሚጠራው ይመስል ያዳምጣል።