ጭረት ያልነካት መኪና

ኦታቪዮ ቤርጎንዚኒ ከቀይዋ መኪና ሥር ሞቶ ተገኘ። መኪናዋ ደረቱ ላይ ተኝታበታለች፤ ተሸክመዋት የነበሩት የብረት መደገፊያዎች ከጎኑ ተጋድመዋል። ወንድ ልጁ ሊቪዮ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እሽቅድምድም ላይ የሞተው በዚህችው መኪና ነው። አባቱ መልሶ ጠገናት እንጂ አንድም ቀን አልነዳትም። ከሞዴና ወጣ ባለችው በዚህች መንደር ሰው በጋራዡ ደጃፍ ሲያልፍ ያማትባል፤ ዛሬ ደግሞ «አባትየውንም በላችው» ይላል።

መርማሪ ኖርማ ጊዴቲን እንዲህ ያለው ወሬ ያበግናታል። የባሰባት ግን አለቃዋ በስልክ ያላት ነው፤ «ሴት ልጁን ይዘሻት ነይ። ትናንት ስትጮህበት መንደሩ በሙሉ ሰምቷል።»

ሴት ልጁ ኢልዴ የጋራዡ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

«ለምን ጮኽሽበት?»

«ይቺን የተረገመች መኪና ወደ ብረት ማቅለጫ እንዲልካት ነዋ! መጨረሻ ላይ እሺ አለኝ። ሰኞ ሊወስዷት ነበር። እሺ ያለኝን አባቴን ለምን ብዬ እገድለዋለሁ?»

«እሺ ሲል ማን ሰማ?»

«ሬንዞ እዚሁ ነበር።»

ሬንዞ የሊቪዮ አብሮ አደግ ነው፤ እዚሁ ጋራዥ ውስጥ ለኦታቪዮ ሲሠራ ሸበተ። «እኔ የሰማሁት ነገር የለም» አለ። «የሽማግሌው እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። መደገፊያውን አጣሞ አቁሞት ይሆናል፤ ወደቀችበት።»

የአሮጌ መኪና ነጋዴው ፋልኪየሪም ጠዋት መኪናዋን ሊለምን መጥቶ ነው ሬሳውን ያየው። «ባለፈው ሥሯን ልይ ብዬ ክሪክ ብሰካባት ወለሏ ስርጉድ አለ» አለ። «ሽማግሌው መፍቻ ይዞ እስከ አደባባዩ አባረረኝ!»

ኖርማ መብራት ይዛ መሬት ላይ ተኛች። ከሟቹ ፊት አንድ ክንድ ርቃ ከማጅራቱ ሥር የረጋውን ደምና የመኪናዋን ሆድ አየች። ላሜራው እንደ መስተዋት ያበራል። ከዚያ ተነስታ ግድግዳውን አየች። መሃላቸው የተቦረቦረና ቆዳ የለበሱ አራት እንጨቶች ተወልውለው ሚስማራቸው ላይ ተሰቅለዋል።

ኢልዴን፣ ሬንዞንና ፋልኪየሪን ወደ መኪናዋ አስጠጋቻቸውና መኪናዋን ሊያነሳ የመጣውን የእሳት አደጋ ሠራተኛ ጠራች።

«ክሪኩን እዚህ፣ ወለሏ መሃል አድርገህ አንሳት።»

ኢልዴ እንባዋን ጠረገች። ፋልኪየሪ ሰዓቱን አየ። ብረቱ ላሜራውን ሊነካ ሲል ሬንዞ ጮኸ።

«እዛ አይደለም! ሻንሲው ላይ! እንጨቱን አድርግበት፣ አንተ ደንቆሮ!»

ኖርማ ወደ ሬንዞ ዞረች።

«አለቃህ ከሥሯ ተጨፍልቆ አንተ ለወለሏ ጮህክ» አለች ኖርማ። «ብትወድቅ ኖሮ የመደገፊያው ጥርስ ሆዷን ይዘነጥለው ነበር። አንድ ጭረት የለም። አልወደቀችም፤ በክሪክ ቀስ ብላ ወርዳለች። መደገፊያዎቹን ኋላ ነው ያጋደምካቸው። ኢልዴ ብትሆን ብትሰባብራት ደስታዋ ነው። ፋልኪየሪ ደግሞ የት እንደምትነሳ እንኳ አያውቅም። ኦታቪዮ ከሥሯ ሲሠራ ወድቃበት ቢሆን መደገፊያው ላይ የሚያኖራቸው እንጨቶች መሬት ላይ ይበተኑ ነበር። አንተ ግን እንደ ልማድህ ወልውለህ ሰቀልካቸው። ማጅራቱን መትተህ ነው ከሥሯ ያስተኛኸው።»

ሬንዞ እጁን መኪናዋ ላይ አሳረፈ።

«ሞተሯ ሲነሳ ሊቪዮ ውስጧ ይስቃል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሰምቼዋለሁ» አለ። «ሽማግሌው ሰኞ ሊያስጨፈልቀው ነበር። ልጁን! እንዴት ዝም ልበል?»

«አባቴስ?» አለች ኢልዴ። «የአባቴን ድምፅ አልሰማህም?»

ሬንዞ እጁ በካቴና ታስሮ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። ኢልዴ አየችው፤ ይቅርታ የሚላት መስሏት ነበር። እሱ ግን የእሳት አደጋ ሠራተኛውን ነበር የሚያየው።

«ስታወርዳት» አለ፣ «ቀስ አድርገህ።»