ስታፈላ ቆም በልላት

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው፤ አንድም ነገር አልጨመርኩበትም።

ሌሊት አልነበረም። ጨለማም አልነበረም።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ መኪና በሚተራመስበት ዋና መንገድ ላይ ነው የሆነው።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። ሌሊቱን ሙሉ ምድጃ ፊት ቆሜ አድራለሁ። ጠዋት ሰው ዳቦ ሊገዛ ሲሰለፍ እኔ ዱቄቴን አራግፌ ወደ ቤት እሄዳለሁ... ለመተኛት ግን አይደለም። አባቴን ሐኪም ቤት ለማድረስ ነው።

የአባቴ ኩላሊቶች ሥራ አቁመዋል። በየሁለት ቀኑ ደሙ በማሽን ይታጠባል። ያ ከቀረበት በሰውነቱ የተጠራቀመው ውሃ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ሐኪሙ ይህን ሲነግረን አላለሳለሰውም።

እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያስታመመ ያውቀዋል፤ ትልቁ ስቃይ የውሃ ጥም ነው። የጠጣው ውሃ መውጫ ስለሌለው እንዳሻው መጠጣት አይፈቀድለትም። የተፈቀደችለትን ጉንጭ እህቴ ናት በልክ የምትሰጠው። ፍሪጁን ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች።

"እስር ቤት እንኳ ውሃ ይሰጣል" እያለ አባቴ ይቀልድባታል። እሷ አትስቅም።

የአውቶቡሱ ግፊያ እየገደለው ስለነበር መኪና ገዛሁ። አሮጌ ናት። ከእኔ በዕድሜ ብዙም አታንስም። ምን ላድርግ፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

የሸጡልኝ ንጹሕ የለበሱ ሽማግሌ ነበሩ። ቁልፉን አስይዘውኝ እጄን ቶሎ አልለቀቁትም።

"ልጄ... ዳገቱ ላይ ታፈላለች።"

"ራዲያተሯ ነው?"

"እንጃ። ስታፈላ ግን ቆም በልላት። አትጨቃጨቃት።"

ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የውሃ ጀሪካንና አንዲት ትንሽ ጣሳ አገኘሁ። ጣሳዋን ልመልስላቸው ስል ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

"እሷ ከመኪናዋ ጋር ናት" አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ገና በመጀመሪያው ጉዞ ዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ የሙቀት ጠቋሚዋ ተነሥታ ቀዩን ነካች። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ቡልቅ አለ። አውቶቡስ መቆም የተወበት አሮጌ ፌርማታ አጠገብ ዳር ይዤ ቆምኩ።

አባቴን ከፊት ወንበር ላይ ትቼ ወረድኩ። ኮፈኑን ከፍቼ እስኪበርድ ጠበቅኩ። ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ፈታሁት።

ራዲያተሩ ባዶ ነበር። ከጀሪካኑ ሞላሁበትና ሄድን።

በሁለተኛውም ጉዞ እዚያው ፌርማታ ጋ። በሦስተኛውም እዚያው...

ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩን ሳቂታው ይሉታል፤ ሲስቅ ያየው ግን የለም። የውሃ ፓምፑን ቀየረ። ቱቦዎቹን ቀየረ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። በመጨረሻ ውሃውን ደፍቶ አረንጓዴውን የራዲያተር ፈሳሽ፣ ኩላንቱን ሞላበት። ጀሪካኔንም በእሱ ሞላልኝ። የሚያፈስ ነገር ካለ በቀለሙ እናገኘዋለን አለ።

ከቀጣዩ ጉዞ መልስ ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ በባትሪ ፈለገ። አንዲት አረንጓዴ ጠብታ አላገኘም።

"አታፈስም" አለኝ እጁን እየጠረገ። "ፈሳሹንም አታቃጥለውም። ጭሷ ንጹሕ ነው።"

"ታዲያ የት ይገባል?"

ባትሪውን አጠፋ።

"እንጃ ወንድሜ... የሚጠጣው ሳይኖር አይቀርም።"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ እንደ ልማዱ አልሳቀም።

በዚያው ሰሞን ነው የሐኪም ቤቱ ነርስ ያስቆመችኝ። አባቴን ከእጥበቱ በፊት ሁሌ ትመዝነዋለች። ሚዛኑን አየች... እኔን አየች።

"ውሃ የሚሰጠው ማነው?"

"ማንም አይሰጠውም፣ ሲስተር።"

"ይሄ ሁሉ ኪሎ እኮ ውሃ ነው። እንዲህ ከቀጠለ ልቡ አይችለውም።"

ቤት ስንገባ እህቴ ጓዳ ጠራችኝ። በሩን ዘጋችው። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አንጀትህ አልችል ብሎ ነው አይደል?"

"ምኑን?"

"ውሃ እየሰጠኸው ነው።"

"በእናታችን አጥንት፣ አንዲት ጠብታ አልሰጠሁትም።"

"ይሄስ ታዲያ?"

የአባቴን ሸሚዝ ዘረጋችልኝ። ኮሌታው ላይ አረንጓዴ እድፍ አለ። አሸተትኩት። እንደ ራዲያተሩ ፈሳሽ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል።

ክው አልኩ።

ፍሪጁን ቆልፈናል። ማንቆርቆሪያውን ደብቀናል። የሁላችንም ዓይን ወጥ ቤቱ ላይ ነበር። ለካ እኔው በየጉዞው አንድ ጀሪካን ሙሉ ከኋላ ጭኜለት እሄዳለሁ። የመኪና ውሃ ስለሆነ ከውሃ አልቆጠርነውም።

ግን እንዴት ይደርስበታል? የአባቴ እጅ ጀሪካን ማንሣት ቀርቶ ማንኪያ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። ዕቃ መጫኛውን ከፍቼ የምዘጋውም እኔ ነኝ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"አባዬ... መኪና ውስጥ ምን ጠጣህ?"

አቀረቀረ። ስኳር ሲሰርቅ የተያዘ ልጅ መሰለ።

"አትቆጣት" አለኝ።

"ማንን?"

"ከኋላ የምትቀመጠዋን። አንተ ኮፈኑን ስትከፍት ታጠጣኛለች።" ከንፈሩን ላሰ። "የጥም ነገር ይገባታል... ደግሞ ይጣፍጣል።"

ቆሻሻው ደሙ ውስጥ ሲጠራቀም ያስቃዠዋል ብላን ነበር ነርሷ። እሱ ነው አልኩ ለራሴ። በጣም ደክሞኝ ነበር። ሰው ሲደክመው ቀለል የሚለውን ያምናል።

ቢሆንም በቀጣዩ ጉዞ ልቤ አላረፈም። ፌርማታው ጋ ስንደርስ እንደ ልማዷ አፈላች። ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ።

ኮፈን ሲከፈት የፊቱን መስታወት ይጋርዳል። ከፊት የቆመ ሰው ውስጥ ያለውን አያይም። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ከሥር በኩል ግን ጣት የምታስገባ ክፍተት አለች።

ጎንበስ አልኩ... በዚያች አየሁ።

አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ አገጩን ቀና አድርጓል። ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ይላል። እየጠጣ ነው።

ከኋላው፣ ከወንበሩ በላይ፣ አንድ ቀጭን እጅ ጣሳዋን ይዞለታል።

እጁ ረጥቧል። ጣቶቹ ልብስ ስታጥብ እንደዋለች ሴት ጣቶች ተጨማደዋል።

እንዴት ዞሬ በሩን እንደከፈትኩ አላውቅም። የኋላው ወንበር ባዶ ነበር። ጣሳዋ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። በፌርማታው በኩል ያለው የኋላ በር ገርበብ ብሏል።

የፌርማታው አግዳሚ በፀሐይ ደርቆ ነጭ ሆኗል። አንድ ሰው የሚቀመጥባትን ታህል ቦታ ብቻ ረጥባለች።

"ወረደች" አለ አባቴ አፉን እየጠረገ።

የዚያን ቀን ነርሷ አልተቆጣችም። ያ ነው የባሰው። ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝና "ከእንግዲህ አንድ ቀን እንዲህ ሆኖ ከመጣ አያልፍም" አለችኝ ቀስ ብላ።

የሚቀጥለው ቀጠሮ ሲደርስ ሌላ መኪና ለመንኩ፣ አልተገኘም። በአውቶቡስ እንዳልወስደው እግሩ ዝሎ መቆም አልቻለም። ስለዚህ ከሥራ ስወጣ ጀሪካኑንም ጣሳዋንም ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ወረወርኩ። ራዲያተሩን አፍ እስከ ገደፉ ሞላሁት። እና ወሰንኩ... ብታፈላም አልቆምም። ሞተሩ ይቃጠል። አባቴ ከሚሞት መኪናዋ ትሙት።

ዳገቱን ጀመርን። ጠቋሚዋ መነሣት ጀመረች።

ሳቂታው የነገረኝ አንድ ዘዴ ነበር። ሞተር ሲግል የመኪናዋን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈተው፣ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ስቦ ሞተሩን ያሳርፈዋል ብሎኛል። ከፈትኩት።

የመጣው ሙቀት አልነበረም። የጉድጓድ ውሃ ሽታ ያለው ቀዝቃዛ አየር ፊቴን መታኝ። መስታወቱ ከውስጥ ላብ አወጣ።

"ቆም በልላት" አለ አባቴ በሹክሹክታ።

"አልቆምም፣ አባዬ።"

"ልጄ..."

"አልቆምም።"

ፌርማታው ታየኝ። ጠቋሚዋ ቀዩን አልፋ ጥግ ላይ ተጣብቃለች። የነዳጁን ፔዳል ረገጥኩት።

ያኔ ከኋላዬ የቆርቆሮ ድምፅ ሰማሁ። ኳ... ኳ... ጣሳ የመኪናዋን ጣሪያ ሲመታ።

ጣሳዋን እኮ ጥያታለሁ።

ቀጥሎ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ። የተቆጣ አይደለም። ደክሞት ወደ ቤቱ እንደሚገባ ተሳፋሪ ነው ያለው።

"ወራጅ አለ..."

ወደ ኋላ የሚያሳየውን መስታወት አላየሁም። መሪውን አንቄ ያዝኩ። ፌርማታው በጎናችን አለፈ።

"ወራጅ አለ..."

ከዚያ በኋላ ዝም አለች።

መኪናዋ የሐኪም ቤቱ በር ላይ ጓ ብላ ቆመች። ጭስ ዋጣት። ዳግመኛ እንደማትነሣ ገባኝ። አላዘንኩም። አባቴን ደግፌ፣ ግማሽ መንገዱን አዝዬ አስገባሁት።

ነርሷ መዘነችው። ሚዛኑን ሁለቴ አየችው።

"ጎበዝ" አለች። ፈገግ ስትል ያየኋት ያን ቀን ነው። "ዛሬ ልክ ነው።"

እንባዬ መጣ፣ አላፈርኩበትም። ማሽኑን ሰካችለት። ከእግሩ ሥር ያለችው ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። አዳራሹ ሰፊ ነው። ሕመምተኞቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው ተኝተዋል። የሁሉም ከንፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ውሃ የሚያምራቸው፣ ውሃ የሚገድላቸው ሰዎች ናቸው። ማሽኖቹ ቀስ ብለው ያጉረመርማሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላም ተሰማኝና ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ልጄ" አለኝ አባቴ።

"አቤት።"

"ፌርማታዋን አሳለፍካት እኮ።"

ዓይኔን ሳልገልጥ ራሴን ነቀነቅኩ።

"ሁሌ እዚያ ነበር የምትወርደው። ዛሬ አላወረድካትም..."

ዓይኔን ገለጥኩ።

"እና የት ሄደች?" አልኩት በሹክሹክታ።

አባቴ ወደ አዳራሹ ማዶ ያያል።

ከማዶ፣ በሩ አጠገብ ካለው የመጀመሪያ አልጋ በኩል፣ የቆርቆሮ ድምፅ ተሰማ። ኳ... እዚያ የተኛው ሰውዬ እንደተኛ ከንፈሩን ላሰ። አገጩ ላይ አረንጓዴ ጠብታ ወረደች።

ቀጥሎ ሁለተኛው አልጋ።

ቀጥሎ ሦስተኛው...

"ለእነዚህ ሰዎች ውሃ የሰጠው ማነው?" አለች ነርሷ ከወዲያ። እየሮጠች ነበር።

ተነሥቼ አባቴ ፊት ቆምኩ። ሁለቱን እጆቼን ዘረጋሁ፣ ምን እንደምከላከል ሳላውቅ። ድምፁ ወደ እኛ ቀረበ። ከቀኛችን ያለችው ሴትዮ በእንቅልፏ ፈገግ አለችና አፏን ጠረገች።

ዞር ብዬ አባቴን አየሁት።

ዓይኑን ጨፍኗል። አገጩን ቀና አድርጎ፣ አፉን በትንሹ ከፍቶ... ይጠብቃል።