ከትልቁ ጥድ ቅርፊት የሠራሁት ዓሣ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን ፈጥሬ የማወራበት ምክንያት የለኝም። ሆኗል።

ቅዳሜ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት።

ጨለማ፣ መብረቅ፣ ሲጢጥ የሚል በር ምናምን የጠበቃችሁ ካላችሁ ይቅርታ። በእኛ በፊንላንድ በበጋ ጨለማ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም የሆነው ፀሐይ አፍንጫዬን እየላጠችኝ ነው።

ፒህላ እባላለሁ። በዚያ ሰዓት ሐይቁ ዳር ያለነው እኔና አያቴ ካሌርቮ ብቻ ነበርን። ሌላ ሰው የለም። ይህን ያዙልኝ።

አያቴ ዕድሜውን ሙሉ ቤት ቁጭ ብሎ የእንጨት ዓሣ ሲቀርጽ ነው የኖረው። መንጠቆ ይንጠለጠልበታል፣ ውሃ ውስጥ ሲጎተት እንደ እውነተኛ ዓሣ ይወዛወዛል፣ ትልቁ ዓሣ ተታሎ ይነክሰዋል። ከታመመ ወዲህ ግን እጁ ይንቀጠቀጣል። ቢላዋ መያዝ አቃተው። ስለዚህ ዓሦቹን የሚሞክርባትን ጀልባ ለጎረቤታችን ለኦሲ ሊሸጣት ወሰነ።

መቅዘፍ የተማርኩባትን ጀልባ!

ጮህኩ። አለቀስኩ። አልበላም አልኩ። በመጨረሻ መረረውና፦

"ቀጥ ብሎ የሚዋኝ አንድ ዓሣ ሥሪ። ከቻልሽ ጀልባዋ ያንቺ ናት። ካልቻልሽ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ኦሲ መጥቶ ይወስዳታል" አለኝ።

ቀላል መስሎኝ!

አንዱ ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ይተኛል። አንዱ ይሽከረከራል። አንዱማ ጭራሽ እንደ ድንጋይ ሰመጠ። ጣቴን ቆረጥኩ። ቫርኒሹ ፀጉሬ ላይ ደረቀ። ኦሲ ደግሞ በአጥሩ በኩል ብቅ እያለ...

"ፒህላ፣ ይሄ ዓሣ ነው ወይስ የሰከረ ዳክዬ?"

"አንተ ስትዋኝ ከምትመስለው ይሻላል!"

እንጨቱ ነው ችግሩ አልኩ። ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የታች ቅርንጫፎቹ በሙሉ የተቆረጡበት ትልቅ ጥድ አለ። ቅርፊቱ ወፍራም ነው፣ ቀላል ነው። ዓርብ ሄጄ አንድ ቁራጭ ገነጠልኩ። ላዩ ላይ ሁለት ፊደሎች ተቀርጸውበታል። የፍቅረኛሞች ጅል ሥራ መሰለኝ።

ቀረጽኩት። ፊደሎቹን በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ። ጠፉ። ቀባሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ሳየው... ፊደሎቹ ሆዱ ላይ፣ ከቀለሙ ሥር ተመልሰዋል።

ተናደድኩ እንጂ አልፈራሁም። ደግሜ ቀባሁት።

አራት ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ባለው የድሮ ገንዳ ሞከርኩት። ሲወዛወዝ ውበቱ! ግን ወደ ግራ ይጎትታል። አፉ ላይ ያለውን ሽቦ ወደ ቀኝ አጠፍኩት። አሁንም ግራ። ይበልጥ አጠፍኩት። አሁንም ግራ! ልሰባብረው ምንም አልቀረኝም።

ዞሬ ከገንዳው ወዲያኛው ጫፍ ጎተትኩት።

ወደ ቀኝ ሄደ።

ቀስ ብዬ ቀና አልኩ... ግራም ቀኝም አይደለም። ሁለቱንም ጊዜ የሄደው ወደ ቤታችን ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያኔ መጣል ነበረብኝ። እኔ ያሰብኩት ግን ኦሲ ሊመጣ መሆኑን ነው። ተንኮሌ መጣ። ወደ ቤት ብቻ የሚሄድ ከሆነ፣ ወደ ቤት ስንመለስ እንጎትተዋለና!

አያቴን ይዤ ሐይቁ መሃል ድረስ ቀዘፍኩ። ጀልባዋን ወደ ቤት አዞርኩና ክሩን ለእሱ ሰጠሁት።

ዓሣው ከኋላችን ቀጥ ብሎ ዋኘ። እንደ ክር ቀጥ!

አያቴ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "አንቺ ጉድ! ጀልባዋ ያንቺ ናት!"

ደስታዬ ግን ሳይሞላ...

ክሩ ከጎናችን አለፈ። ከዚያ ከፊታችን ተወጠረ።

መቅዘፌን አቆምኩ።

ጀልባዋ አልቆመችም።

አያቴ ሳቁን ዋጠ። እየታገለ ክሩን ሰብስቦ ዓሣውን አወጣው። ሆዱን ገለበጠው። ፊደሎቹ ከቀለሙ በላይ ወጥተዋል።

"ከየት አመጣሽው?" አለ በሹክሹክታ።

"ከ... ከትልቁ ጥድ።"

"የቱ ጥድ?"

"የቤተ ክርስቲያን መንገድ ላይ ያለው። አባባ፣ ምን ሆንክ?"

"የአባቴ ስም ፊደሎች ናቸው። አስከሬኑን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወስድ እኔ ነኝ የቀረጽኩት። ልጅ ነበርኩ።"

"ለምን?"

"መንፈሱ እዚያ ዛፉ ጋ እንዲቆም... ወደ ቤት እንዳይመለስብን።"

ክሩን በጥርሱ በጠሰና ዓሣውን ወደ ጥልቁ ወረወረው። "ቅዘፊ" አለኝ። ቀዘፍኩ።

ዳር ስንደርስ ዓሣው ቀድሞናል።

ውሃው ውስጥ አይደለም። ጀልባ በምናስርበት ደረቅ ርብራብ ላይ ነው። አፉን ከቤታችን አጠገብ ወዳለው የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ወደ ሳውናው በር አዙሮ።

የሳውናው ጭስ ማውጫ ይጨሳል።

"አባባ... እሳት አንድደህ ነበር?"

"አላነደድኩም።"

ከውስጥ፣ የጋለ ድንጋይ ላይ ውሃ ሲረጭ ሰማን። ችስስስ...

"እንሂድ" አልኩት። እጅጌውን ጎተትኩ። "አባባ፣ እባክህ! ጀልባዋ የእኔ አይደለች? ልቅዘፍልህ፣ እንሂድ!"

አልሰማኝም። ከጀልባዋ ወረደ። ባርኔጣውን አወለቀ። በሩ ፊት ሄዶ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ አንገቱን ደፍቶ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ቁጣ እንደሚጠብቅ ትንሽ ልጅ።

"መጣሁ፣ አባዬ" አለ።

ድምፁ የሽማግሌ አልነበረም።

በሩ ወደ ውስጥ ተከፈተ። እኔ ግን የማየው የአያቴን እጆች ነበር...

አይንቀጠቀጡም።