ሰኞ የተሰበረው ሞተር

አቶ አስረስ ማክሰኞ ቀትር ላይ ወልቂጤ ወፍጮ ቤት ውስጥ ከወደቀ ሞተር ሥር ሞቶ ተገኘ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የሆነው አክሲዮን ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ነበር፤ የሞተው ቀይ ቀለም የነካ ብሩሽ እንደጨበጠ ነው። ሞተሩ የተንጠለጠለበት ገመድ በቢላ ተቆርጧል፤ ቢላው የወፍጮ ሠራተኛው የጀማሉ ነው። ጀማሉ «ለዙሁር ሶላት መስጊድ ነበርኩ» ቢልም፣ ባለፈው ስብሰባ ላይ አስረስን «የእጅህን ይስጥህ!» ብሎ ረግሞት ስለነበር የሰማው የለም። ታሰረ። በ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. የነፍሰ ገዳይ መጨረሻ ስቅላት መሆኑን ከተማው ያውቃል።

የፖሊሱ ሻምበል አዳነ ግን ነገር ሲቀልለት የሚከፋው ሰው ነው። ሞተሩ ላይ «ወ ፫» የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብሎ በጥፍሩ ፋቀው። ከሥሩ «ቡ ፫» ብቅ አለ።

የማኅበሩን ሾፌር ሰይዶን አስጠራ።

«ሞተሩ ከየት መጣ?»

«ከቡታጅራው ወፍጮ ቤታችን። ወላሂ ሻምበል፣ የታዘዝኩትን ነው የጫንኩት! ትናንት የንብረት ተቆጣጣሪው እዚያ ቆጠረው፤ ነገ ደግሞ እዚህ ሊቆጥረው ነበር።»

«የወልቂጤውስ?»

«አስረስ ድሮ ሸጦ በላው። የሒሳብ ሹሙ የሽባባው ወንድም፣ የግምጃ ቤቱ አበራ፣ ሽያጩን አየ። አስረስ ዕቃ ሰረቅህ ብሎ ወህኒ አስወረደው፤ እዚያው ሞተ።»

ሽባባው ሲጠየቅ ረጋ ብሎ መለሰ። «ሻይ ቤት ነበርኩ። ሞተር መምጣቱንም አላውቅም።»

ማምሻውን የጀማሉ ሚስት ከድጄ መጣች። ላሟን ሸጣ አንድ አክሲዮን የገዛች ሴት ናት።

«ጌታዬ፣ ይህን ወረቀት ሰኞ ሽባባው ራሱ አደለን። ማንበብ አልችልም። ለባሌ የሚረዳ ነገር ካለው እዩልኝ።»

ሻምበሉ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። በማግስቱ ሁሉንም ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሰበሰባቸው፤ ጀማሉም በካቴና መጣ።

«አስረስ የሌለውን ሞተር አለ ሊያሰኝ ቀለም ይቀባ ነበር» አለ። «እንዲህ የሚደክም ሰው ሞተሩን ተሰብሯል ብሎ አያስጽፍም። ይህ የቋሚ ንብረት የተጣራ ዋጋ መግለጫ ግን 'ወ ፫፦ ወድቆ የተሰበረ፤ ቀሪ ዋጋ የለውም' ይላል። የታደለው ሰኞ ነው። ሞተሩ የወደቀው ማክሰኞ ነው። ሰኞ ዕለት ይህን የሚያውቅ፣ ሊጥለው የተዘጋጀ ሰው ብቻ ነው። አቶ ሽባባው፣ ፊርማው የማን ነው?»

ሽባባው አልካደም።

«የእኔ። ስንት ዓመት በውሸት ላይ ፈረምኩ! ለባለ አክሲዮኖቹ አንድ እንኳ እውነተኛ ሒሳብ ልስጥ አልኩ። ሲወድቅበት አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!»

«ሒሳብዎ ከቀኑ በቀር እንከን የለውም» አለ ሻምበሉ። «ጀማሉስ ምን አደረገዎት?»

«ምንም። ቢላውን እዚያ ተቀምጦ አገኘሁት።»

ከድጄ እንባዋ እየወረደ ወደ ፊት ወጣች።

«አበራ ታስሮ ሳለ በየጁምዓው ቆጮ የሚወስድለት ማን ነበር? አንተማ እንጀራዬን አጣለሁ ብለህ አንድ ቀን አልጠየቅከውም። ወንድምህን ያጎረሰውን እጅ ነው ለካቴና የሰጠኸው!»

ሽባባው ይህን አያውቅም ነበር። ካቴናው ከጀማሉ እጅ ወልቆ በራሱ እጅ ሲገባ ቀና ብሎ ጀማሉን ሊያየው አልቻለም።